የቀጋ አምባው የምድር ሽቦ

እንዳላማው ክፉ ሰው አይደለም። ይህ አስቀድሞ ይነገርለት፤ ኋላ ነገሩ ሲሰማ ምራቁን እንትፍ የሚል አይጠፋምና። ደብረ ማርቆስ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ያስተምራል፣ ይመራመራል። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ተማሪ አይበድልም። ሰው ፊት "አይሆንም" ማለት ግን ሞቱ ነው። ሻይ አዝዞ ቡና ቢያመጡለት አስተናጋጇን ላለማሳፈር ዝም ብሎ ይጠጣል። ጓደኞቹ "እንዳላማውን ገደል ዝለል ብትለው ቅር እንዳይልህ ብሎ ይዘላል" እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የተወለደው ቀጋ አምባ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ በትንሿ ከተማ በቁይ በኩል ወጥተው ወደ ጮቄ ሽቅብ ሲያዩ የምትታይ፣ ገብስና ድንች የምታበቅል ብርዳም አገር። አባቱ የሞተው እሱ ዐሥራ ሁለት፣ እኅቱ ሽታዬ ሁለት ዓመቷ እያለ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ያቆመው የእናቱ የወይዘሮ ፅጌ ወንድም ደምለው ነው። የራሱን ማሳ ሲጨርስ የእኅቱን ያርሳል፤ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ጎተራ ያስገባል። እንዳላማው ቁይ ቤት ተከራይቶ ሲማር በየእሑዱ የሳምንት ስንቁን፣ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን በበቅሎ ጭኖ የሚያደርስለት ይኸው አጎቱ ነበር። ዝናብ ሆነ ጭቃ፣ አንድ እሑድ ቀርቶ አያውቅም። "አንተ ቁጥርህን ቁጠር፤ ሆድህን ለእኔ ተወው" ይለው ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ውለታ ተሸክሞ ሲያድግ አንገቱ ይጎብጣል። እንዳላማው ደምለውን "አያ" ብሎ ነው የሚጠራው፤ አድጎ፣ ተምሮ፣ መምህር ተብሎም ዓይኑን ቀና አድርጎ አያየውም።

ምርምሩ የዝናብ ነበር። የስልክ ማማዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአየር በሚሄድ ሞገድ ነው፤ ያ ሞገድ ከባድ ዝናብ ሲያገኘው ይደክማል። ምን ያህል እንደሚደክም የሚናገር ሠንጠረዥ አለ፤ መሐንዲስ ሁሉ ማማ ሲተክል እሱን አይቶ ነው። ሠንጠረዡ ግን የተሠራው በሌላ አገር ዝናብ ነው። የጮቄ ዝናብ ደግሞ የማንንም አይመስልም፤ አይዘንብም፣ ይደፋል እንጂ። እናም ክረምት በገባ ቁጥር ስልኩ ይጠፋል፤ ምጥ የጠናባት ሴት አምቡላንስ መጥሪያ ታጣለች፤ ሰዉም "ኔትወርኩን ዝናብ በላው" ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንዳላማው "የራሳችንን ዝናብ ራሳችን እንለካው" ብሎ ተነሣ። የሦስተኛ ዲግሪው ሥራም ይኸው ሆነ።

ማሰራጫውን የኮሌጁ ሕንፃ ጣሪያ ላይ አቆመ። የመጀመሪያውን አንቴና ራሱ ነድፎ፣ በርና መስኮት ከሚበይድ ሰው ሱቅ ሦስት ቀን ተቀምጦ በቆርቆሮ አሠራው፤ ቅርጹ አፉ የሰፋ ጡሩምባ ነበር። አብራው የምትሠራው ሩሃማ፣ ከሐዋሳ መጥታ የተቀጠረች መምህርት፣ ስታየው "ይህን ለሠርግ ነው ለምርምር?" ብላ ሳቀችበት። በነጋታው ለክታው ግን ዝም አለች፤ ሞገዱን እንደታሰበው ቀጥ አድርጎ ይልከው ነበር። መቀበያውን ደግሞ ቀጋ አምባ ወስዶ ከእናቱ ቤት በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተከለ፤ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ፣ ከሥሩ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ በክፍሏ ውስጥ የሲግናሉን ጉልበት በቁጥር የሚያሳይ ሳጥን። ቁጥሩን ራሱ የሚመዘግብ ዕቃ ነበረው፤ በመጀመሪያው ዓመት ተቃጠለ፤ ምትክ ቢታዘዝም የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር ሰው ክፍሏ ውስጥ ገብቶ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በየሁለት ደቂቃው ሰዓቱንና ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ ነበረበት።

ይህን ሥራ የያዘችው ሽታዬ ነች። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ማለፊያ ነጥብ ያልመጣላት፣ "እንግዲህ አግቢ" የሚላት የበዛ፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላት ልጅ። ሳጥኑን ባገኘች ጊዜ ሰው ሆነች። ዝናብ ሸተተ ማለት ነው፤ የያዘችውን ጥላ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ሽቅብ ትሮጣለች። ዳመና አይታ "ዛሬ ቁጥሩ ከሃያ በላይ ይወርዳል" ስትል እውነትም ይወርዳል። ጎረቤቶቿ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያሉ ሲቀልዱባት "ወረቀቱንስ አያችሁ፤ ሞኙን የት አገኛችሁት?" ትላቸዋለች። አንድ ቀን ወንድሟን "ወንድምዓለም፣ አንድ መስመር ብዘልስ ምን ይሆናል?" ብላ ጠየቀችው። እሱም እንደ መምህር ኮስተር ብሎ "አንድ መስመር ከጎደለ የዚያን ቀን ዝናብ በሙሉ እንጥለዋለን" አላት። በሁለት ክረምት አንድም መስመር አልጎደለባትም።

መብረቁን በተመለከተ እንዳላማው ሕፃን አልነበረም። በዚያ አገር በሰኔና በሐምሌ መብረቅ ከብቱንም ሰዉንም ይጨርሳል። ጉብታ ላይ ብረት ማቆም መብረቅን ና ብሎ መጥራት ነው፤ መንገድ ካበጁለት ግን በምሰሶው ወርዶ መሬት ይገባል፣ ማንንም አይነካም። ያ መንገዱ የምድር ሽቦ ይባላል። ጉብታው ዓለት ስለሆነ ብረት አያስገባም። ስለዚህ የእርሳስ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ከምሰሶው ግርጌ አንሥቶ፣ ቁልቁል ዐርባ እርምጃ ያህል እየቀበረ ወስዶ፣ ርጥብ አፈር ካለበት ከወል ግጦሹ ላይ በሦስት የብረት ካስማዎች አሰረው። ቀበሌውም ቦታውን ፈቅዶ በወረቀት አሰፈረለት። ወረቀቱ "ሽቦው የተቀበረው በወል ግጦሽ ላይ፣ ከአቶ ደምለው ማሳ አምስት ሜትር ርቆ ነው" ይላል። ያን ቀን እንዳላማው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት ነገር ያመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ደምለው፣ መቼም ሰው ያለ እንከን አይፈጠርም፣ አንዲት በሽታ ነበረችበት። ድንበር ይገፋል። በዓመት አንድ ትልም፣ ቢበዛ ሁለት፤ ሰው እንዳያየው ማለዳ ተነሥቶ፣ በሬዎቹን ከማሳው ጠርዝ ትንሽ አሳልፎ ይመልሳል። ሌባ አይደለም፤ የጎረቤት ዶሮ ቤቱ ብትገባ አባሮ ይመልሳል። መሬት ሲያይ ግን እጁ አያርፍም። "ዝም ብሎ ሣር ከሚያበቅል" ይላል ለራሱ። ስንቱ ጨዋ ገበሬ በዚህ ነገር ተካስሷል፣ ተገዳድሏል፤ ቀጋ አምባ ብቻ አይደለም።

በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን እንዳላማው ከክረምቱ በፊት ዕቃዎቹን ሊያይ በኮሌጁ መኪና መጣ። በየክረምቱ መግቢያ የምድሩን ሽቦ በመለኪያ መለካት ግዴታ ነው፤ መለኪያው ቦርሳው ውስጥ ነበር። ከመኪናው ወርዶ ወደ ጉብታው ሲያቀና ከግጦሹ ዳር ሰው ተሰብስቦ አየ። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው አለቃ አካለ ወልድ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ። ከሳሹ አበረ የሚባል ጎረቤት ነው፤ ከብቶቹ የሚውሉት በዚያ ግጦሽ ላይ ነው። ተከሳሹ ደምለው ነው።

አበረ ክሱን ተናግሮ ሊጨርስ ነበር። "ወረቀቱ የመንግሥት ነው፤ የእኔ አይደለም" አለ። "ሽቦው ከደምለው ማሳ አምስት ሜትር ይርቃል ይላል። ዛሬ ማሳው ካስማውን አልፎ ሄዷል። ማረሻ እዚያ ድረስ ከገባ ሽቦው መነካት አለበት። ቆፍረን እንየው።"

እንዳላማው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ማሳው አየ፤ በቃው። አዲስ ትልም፣ አዲስ የተዘራ ገብስ፣ ካስማዎቹ ከነበሩበት ሁለት እርምጃ አልፎ። ሽቦው የተቀበረው ግማሽ ክንድ ያህል ነው፤ በዚያ ላይ የሁለት ክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎታል። ማረሻ ያገኘዋል።

አለቃ አካለ ወልድ ባዩት ጊዜ ፊታቸው በራ። "እነሆ የሽቦው ባለቤት መጣ። መቆፈር ምን ያደርጋል? የተማረ ልጅ ነው፣ ሥራውም የእሱ ነው፣ እሱ አይቶ ይንገረን" አሉ። "ልጄ፣ እየው። ሽቦህ ተነክቷል ወይስ ደኅና ነው? ግን አስበህ ተናገር፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው። አንተ ያልከውን ይዘን እንፈርዳለን።"

የወል መሬት ያረሰ ሰው የመሬት ደብተሩን እስከ መነጠቅ ይደርሳል፤ ይህን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። እንዳላማው ጉብታውን ወጣ፤ ሰዉ ሁሉ ከኋላው ተከተለው። ሽቦው ከምሰሶው ወርዶ መሬት ከሚገባበት ቦታ ጎንበስ አለና በእጁ ያዘው። ሳበው። ሽቦው ተወጥሮ ቀረ፤ ከታች የያዘው ነገር አለ። እንደገና ጠንክሮ ሳበው፤ አሁንም ያዘ። ነገር ግን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ማስተላለፍ ሌላ። ይህን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው። መለኪያውን ከቦርሳው ቢያወጣ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ቁጥሩ ሰው ሁሉ እያየ እውነቱን ይናገራል።

ቀና ሲል ደምለውን አየው። ሽማግሌው በዱላው ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። እንዳላማው አጎቱ አንገቱን ደፍቶ አይቶት አያውቅም። የእሑዱ በቅሎ፣ የበሶው ጠረን፣ እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለወሰው እግሩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት።

"ደኅና ነው" አለ።

"በእውነት?" አሉ አለቃ።

"በእውነት። አልተነካም።"

ተፈረደ። ሽቦው ካልተነካ ማረሻ አዲስ አልገባም፣ ስሕተቱ የወረቀቱ ነው፣ ትልሙ የቆየ ነው ተባለ፤ አበረ በሐሰት የሰው ስም አጥፍተሃል ተብሎ ደምለውን ይቅርታ ጠየቀ፣ ጉልበቱን ሳመ። አበረ ሲነሣ እንዳላማውን ትክ ብሎ አየው። ደምለው ደግሞ የእኅቱን ልጅ ትከሻ ስሞ "ኑርልኝ ልጄ" አለው። ስለ ሽቦው አንዳቸውም አላነሡም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ እንዲሉ፣ ተቃቅፈው ቁልቁል ወረዱ። ሽታዬ ምሳ አቅርባ ጠበቀቻቸው። ባዶ ደብተር አሳየችው፤ በየገጹ መስመር አስምራ፣ ቀኑን ከሐምሌ እስከ መስከረም ጽፋ ጨርሳ ነበር።

"መለኪያህን አላወጣህም ዘንድሮ?" አለችው።

"አይቼዋለሁ" አላት።

ሾፌሩ ስለቸኮለ በዚያው ከሰዓት ተመለሰ። መንገድ ላይ ያሰበው ይህን ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብቻውን ይመጣል፤ ሰው ሳይሰማ ይለካል፤ ተቆርጦ ከሆነ ቀስ ብሎ ይቀጥለዋል፤ አያም አያፍር፣ ሥራውም አይበላሽ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን እያወቀ ለሳምንት አሳደረው። ኮሌጅ ሲገባ ሩሃማ የዓመቱን የፍተሻ ቅጽ ይዛ መጣች፤ የምድሩ ሽቦ ስንት ኦም እንደሆነ፣ ማለት ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ፣ የሚሞላበት ቦታ ባዶውን ተቀምጧል። "ስንት አለ?" አለችው። ያለፈው ዓመት ስምንት ነበር። "ስምንት" አላት። "ራስህ ነህ የለካኸው?" "ራሴ።" ጻፈችው፤ ፈረመ። አንዱ ውሸት ሌላውን ጎትቶ አመጣ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለው።

የሰኔ መጨረሻ ላይ መንገድ ተዘጋ፤ የዚያን ሰሞን የጸጥታ ችግር የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪና አይወጣም፣ ስልክ የለም። እንዳላማው "መንገዱ ተዘጋ፤ ምን ላድርግ" አለ። ይህን ለሩሃማ ነገራት፣ ለራሱም ደጋግሞ ነገረው። ሐምሌ ሲገባ ግን እንቅልፍ አጣ። ከአገሩ እህል ጭኖ በእግሩ የሚመላለስ የሺዋስ የሚባል ነጋዴ ነበር፤ ገበያ ላይ አገኘውና "ለሽታዬ መልእክት አድርስልኝ" አለው። "ለጊዜው መመዝገቡን ተይው በላት። ዝናብ ሲዘንብ እክፍሏ ውስጥ አትግባ።"

የሺዋስ "ምነው፣ በደኅና?" አለ።

እዚህ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሽቦው ሳይቆረጥ አልቀረም፣ መብረቅ ይገድላታል ማለት። ነገር ግን የሺዋስ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ቀጋ አምባ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል፤ ወሬው ከደረሰ ደምለው ድንበር ገፊ፣ እንዳላማው ሐሰተኛ ምስክር ነው።

"በደኅና ነው" አለው። "ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው።"

የሺዋስ መልእክቱን እንደተሰጠው አደረሰ፤ አንድ ቃል አላጎደለም፣ አንድ ቃል አልጨመረም። ሽታዬም ሰምታ ሳቀች አሉ። "ትረፍ? እሱ እኮ ለእኔ አዝኖ ዲግሪውን ሊያጣ ነው። ዝናቡ የሚመጣው አሁን አይደል? ጥቅምት ላይ አርፋለሁ" አለች። ምን ታድርግ፤ አንድ መስመር ከጎደለ የዚያ ቀን ዝናብ ይጣላል ብሎ ያስተማራት እሱ፣ አሁን ያለ ምክንያት ተይው የሚላትም እሱ። የመጀመሪያውን አመነች።

ሐምሌ ዐሥራ አራት ቀን ከሰዓት እንዳላማው ጣሪያው ላይ ማሰራጫውን እያየ ነበር። ጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ከሩቅ ይታያል፣ መብረቁ ይታያል፣ ድምፁ ግን ከዚያ አይደርስም። ሽታዬ ለጊዜው አርፋለች ብሎ የነገራት ሩሃማ አጠገቡ ቆማ "የዘንድሮው ምርጥ መረጃ ይህ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ የሚመዘግብ የለም" አለች። እሱም "የለም" አለ። መልእክቱ ደርሷታል፤ እቤቷ ናት፤ ከእናቷ ጋር ናት። እንዲህ እያለ ራሱን አባበለ። ማሰራጫውን ግን አላጠፋውም። ኋላ ብዙ ሌሊት ያሰበው ይህንን ነው፤ ቢያጠፋው ኖሮ ሳጥኑ ምንም ቁጥር አያሳያትም፣ እሷም ተበላሽቷል ብላ ወደ ቤቷ ትወርድ ነበር። ወይ ነዶ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የሺዋስ እኮሌጁ በር ላይ ቆሞ አገኘው። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ሌላ መናገር አላስፈለገውም።

እንዳላማው በእግሩ ሄደ። ስምንት ሰዓት ተጓዘ፤ ጭቃውን፣ ወንዙን፣ ዳገቱን ሁሉ አልፎ ገባ። መንገድ ተዘጋ ብሎ ከሰኔ ጀምሮ የተቀመጠ ሰው፣ ለካ ስምንት ሰዓት ነበር የሚፈጀው። ይህን እየተራመደ ቆጠረው፤ ቁጥር የለመደ ሰው ነው፣ አለመቁጠር አልቻለም።

ሽታዬ መብረቁ በመታት በነጋታው ተቀብራለች። አለቃ አካለ ወልድ ደብተሯን አውጥተው ሰጡት፤ ላስቲኩ ከዳር ቀልጧል፣ ወረቀቱ ደኅና ነው። ገለጠው። ከስምንት ሰዓት ከዐርባ ጀምሮ በየሁለት ደቂቃው፣ አንድም ሳይጎድል፣ የእጅ ጽሕፈቷ ሳይንቀጠቀጥ። ዓይኑ ሳይወድ ቁጥሮቹን ተከተለ፤ ሲግናሉ ሲደክም፣ ሲደክም፣ ከሠንጠረዡ እጥፍ ሲወርድ። ሦስት ዓመት የፈለገው ነገር ይኸው ነበር። መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓቱ ተጽፏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስድስት። ከጎኑ ቁጥር የለም። ደብተሩን ዘጋና ከግድግዳው ሥር አቀርቅሮ አለቀሰ፤ የሚያባብለው ሰው ሁሉ ለእኅቱ ብቻ የሚያለቅስ መሰለው።

በነጋታው ከቅዳሴ መልስ ሰዉ የልቅሶው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ደምለው ክንዱን ይዞ ከጎተራው ጀርባ ወሰደው። በጥቂት ቀን ዐሥር ዓመት አርጅቷል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "ያ ሽቦ ምን ይሠራ ነበር?"

እንዳላማው ወደ ጉብታው ዞሮ አየ።

"ማረሻዬ ይዞት ነበር" አለ ደምለው። "አልላቀቅ ሲለኝ በመጥረቢያ ቆረጥሁት። ሲቆረጥ አጠረ፤ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለኝ። ዕቃህ እንዳይጎዳብህ ብዬ በምራን ቀጠልሁት። አዲስ ምራን ነው፤ ሁለት በሬ ቢጎትተው የማይበጠስ። አጥብቄ ቋጥሬ ቀበርሁት። አንተም ያን ቀን ስበህ ደኅና ነው ስትል፣ ደግ አድርጌ ቋጥሬዋለሁ ብዬ ደስ አለኝ።"

ምራን የሞፈርና የቀንበር ማሰሪያ ነው፤ ጠፍር፣ የበሬ ቆዳ። ገበሬ የተበጠሰ ነገር ሁሉ የሚቀጥለው በእሱ ነው። መብረቅ ግን በቆዳ አይሄድም። እንዳላማው ይህን ቀስ አድርጎ፣ ልክ ለተማሪ እንደሚነግር፣ ለአጎቱ ነገረው፤ እሳቱ ከምሰሶው ወርዶ መሬት የሚገባበትን ሲያጣ፣ ከአንቴናው ወደ ሳጥኑ በሚወርደው ገመድ በኩል ወደ ክፍሏ እንደሚዞር።

ደምለው የቆመበት ቁጢጥ አለ።

"አንተስ? ደኅና ነው ያልከው ሳታውቅ ቀርተህ ነው?"

"ጠርጥሬ ነበር አያ። ትልሙን አይቻለሁ። መለኪያውን ማውጣት ፈርቼ ነው።"

"ለእኔ ብለህ?"

"ለእርስዎ ብዬ።"

"ምነው ልጄ" አለ ደምለው። "ምነው በነጠቁኝ። አንድ ትልም እኮ ነው።"

ሁለቱም አለቀሱ፤ ሰው እንዳይሰማቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው። ከዚያ ደምለው ዓይኑን ጠረገና የእንዳላማውን እጅ ጨበጠ። "ለፅጌ እንዳትነግራት" አለው። "የእግዜር ቁጣ ነው ብላ ነው የቆመችው። ልጇን የገደላት ወንድሟና ልጇ ነው ካልናት ታብዳለች። እባክህ። እኔ ሞቴ ቅርብ ነው፤ ይዤው ልውረድ።"

እንዳላማው ይህን ጊዜ "አይሆንም" ማለት ነበረበት። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ማለት ያለበት ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው እሱ፣ ያ ቀን ያ ቀን ነበር። አፉንም ከፈተ። ሽማግሌው የለመነው በሁለት እጁ ነው።

"እሺ አያ" አለው።

ድንኳኑ ሲገቡ ወሬው ሌላ መሥመር ይዞ ጠበቃቸው። አንዱ ብረቱ ነው መብረቁን የጠራው ይላል፣ ሌላው ሳጥኑ ነው ይላል። አበረ ከጥግ ተቀምጦ "እኔ ያን ቀን ቆፍረን እንየው ብዬ ነበር" አለ፤ ጮክ ብሎ አይደለም፣ ግን ተሰማ። ደምለው አቀረቀረ።

ወይዘሮ ፅጌ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ፊቷ ተልጧል፤ ድምጿ በልቅሶ ሻክሯል። "አበረ፣ በልጄ ሬሳ ላይ ቂምህን አትወጣ" አለች። "ልጄ በሽማግሌ ፊት፣ በአለቃ ፊት፣ አይቶ ደኅና ነው ብሏል። ልጄ ሲዋሽ አላሳደግሁትም።" ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞረች፤ የምትጠይቀው ለራሷ ሳይሆን ለሰዉ እንዲሰማ ነው። "አይደለም ልጄ? ሽቦውን አይተህ ደኅና ነበር አይደለም?"

ሰው ሁሉ አየው። አለቃ አካለ ወልድ አዩት፤ አበረ አየው።

"አዎ እማዬ" አለ። "ደኅና ነበር።"

"ይኸው" አለች ፅጌ። "የእግዜር ሥራ ነው። የሰው እጅ የለበትም።" መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ብላ ከቀረበው እንጀራ ቆርሳ በእጇ አጎረሰችው። እሱም ጎረሰ።